ዛጎሉ ዕድሜ አይናገርም፤ ተራ ነው የሚናገረው

ጥያቄ፦ «ሳይንስ አስተምራለሁ። ስለ ጥንት አለቶች ሳስረዳ አንድ ተማሪ እጁን አወጣና ‹የአለቱን ዕድሜ በምን አወቃችሁ ሲባሉ ውስጡ ባለው የባሕር ዛጎል ይላሉ፤ የዛጎሉንስ ሲባሉ በአለቱ ይላሉ፤ ይሄ የእንቁላልና የዶሮ ነገር አይደለም ወይ?› አለኝ። ‹በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እነግርሃለሁ› ብዬ አመለጥኩ። እውነቱ እንዴት ነው? በካርቦን ለክቶ መገላገል አይቻልም? ደግሞስ ሁለት አገር ያሉ አለቶች እኩል ዘመን ናቸው የሚባለው አንድ ዓይነት ዛጎል ስለተገኘባቸው ብቻ ነው?»

መልስ፦ መምህር፣ በቅድሚያ ለዚያ ልጅ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ነገሩ ገብቶታል። እኔ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ደግሞም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ሥራው በግዴለሽነት ሲሠራ እውነትም እንቁላልና ዶሮ ይሆናል። በደንብ ሲሠራ ግን አይደለም። ልዩነቱ የት ላይ እንዳለ ላሳይዎት። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የካርቦኑን ቶሎ ልጨርሰው። ካርቦን 14 በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። 50,000 ዓመት ገደማ ሲያልፈው የሚለካ ነገር አይተርፍም ማለት ይቻላል። እኛ የምናወራው ስለ 100 እና ስለ 400 ሚሊዮን ዓመት ነው። ጁራሲክ በሚባለው የዳይኖሰሮች ዘመን ዛጎል ውስጥ ካርቦን 14 መፈለግ፣ ከመቶ ዓመት በፊት የጠፋ ሻማ ይሞቅ እንደሆነ በእጅ መዳሰስ ነው።

ወደ ዋናው እንሂድ። ቅሪተ አካል ዕድሜውን አይናገርም። የሚናገረው ተራውን ነው። «ከእገሌ በኋላ መጣሁ፣ ከእገሌ በፊት ሄድኩ» ይላል፤ በቃ። «ስንት ዓመት ሆነው?» ለሚለው መልስ የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው፤ እደርስበታለሁ። የልጁ ግራ መጋባት የመጣው እነዚህ ሁለት ሥራዎች ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ስለሚጨፈለቁ ይመስለኛል።

ተራው እንዴት ተገኘ? ዊልያም ስሚዝ የሚባል እንግሊዛዊ ቀያሽ ነበር። በ1790ዎቹ የድንጋይ ከሰል የሚመላለስበት የውሃ ቦይ ሲቆፈር ቅየሳውን የሠራው እሱ ነው። ቦዩ ኮረብታውን ሰንጥቆ ሲያልፍ ንብርብሩ ሁሉ ተገልጦ ይታያል። አስቸጋሪው ነገር ንብርብሮቹ መመሳሰላቸው ነው። እታች ያለው ሸክላና እላይ ያለው ሸክላ ቀለማቸውም ልስላሴያቸውም አንድ ሊሆን ይችላል። በዓይን አይለዩም። ውስጣቸው ያሉት ዛጎሎች ግን ይለያያሉ። የታችኛው የራሱ አለው፣ የላይኛውም የራሱ። ስሚዝ ሌላ ኮረብታ ሄዶ አየ፤ ያው ተራ ነው። ሌላም ሄደ፤ ያው። ይህን ይዞ አገር ለአገር ሲዞር ኖረና በ1815 የእንግሊዝን፣ የዌልስንና የስኮትላንድን ከፊል የሚያሳይ የስነ ምድር ካርታ አሳተመ።

እዚህ ላይ ለተማሪዎ አንድ ነገር ያስምሩለት። ዳርዊን ስለ ዝርያዎች አመጣጥ የጻፈውን መጽሐፍ ያወጣው በ1859 ነው። ስሚዝ በእጁ የዝግመተ ለውጥ ንድፈ ሐሳብ አልነበረውም። የሚሊዮን ዓመት ቁጥርም አልነበረውም። የተነሳው ከአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከታች ያለው ቀድሞ የተነጠፈ ነው። ልብስ አጣጥፈው ሲደራርቡ መጀመሪያ ያስቀመጡት ከታች እንደሚሆነው። ተራው የተነበበው ከንብርብሩ አቀማመጥ ነው እንጂ ከዛጎሉ ዕድሜ አይደለም። ዶሮዋ እንቁላሉን ሳትጠብቅ መጣች ማለት ነው።

ለምን የባሕር እንስሳ ተመረጠ? ደረቅ መሬት ላይ የሞተን እንስሳ አውሬ ይበታትነዋል፣ ፀሐይና ዝናብ ይጨርሰዋል። ባሕር ግን ደለል ከዓመት ዓመት የሚያጠራቅም ጎተራ ነው። የወደቀበትን ቶሎ ይቀብራል። ከዚያ በላይ ደግሞ ባሕር ሰፊ መንገድ ነው። የሚንሳፈፍ ወይም የሚዋኝ ፍጥረት በአጭር ጊዜ ውስጥ ከአንዱ ዳርቻ ወደ ሌላው ይዳረሳል። «አጭር» ስል በእኛ ሙያ ጥቂት ሺህ ዓመት ማለቴ ነው፤ ይቅርታ ይደረግልኝ።

ሁሉም የባሕር እንስሳ ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሊንጉላ የሚባል ጥፍር የምታክል ዛጎል ያለው፣ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የሚኖር ፍጥረት አለ። የእሱ ወገን መልኩን በመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት ውስጥ እምብዛም አልቀየረም። አለት ውስጥ ቢያገኙት ምንም አልነገረዎትም። እኛ የምንፈልገው የቸኮለውን ነው። ቶሎ መጥቶ፣ ዓለምን አዳርሶ፣ ቶሎ የጠፋውን። በብዛት የኖረ ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነው፤ ሲያዩት ከሌላው የማይምታታ ከሆነ የበለጠ ጥሩ።

አሞናይት ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። የበግ ቀንድ የመሰለ ጥቅልል ዛጎል ያለው፣ ስኩዊድ የሚባለው ባለ ብዙ እግር የባሕር እንስሳ ዘመድ ነው። ዛጎሉ ውስጥ ጓዳ ጓዳ አለ። የጓዳዎቹ ግድግዳ ከውጭው ቅርፊት ጋር የሚገናኝበት ቦታ የስፌት መስመር የሚመስል ምልክት ይተዋል። ቅርፊቱ የተላጠ አሞናይት ካጋጠመዎት በጣትዎ ይከተሉት። በድሮዎቹ ላይ መስመሩ ለስላሳ ሞገድ ነው። ወደ በኋላ ሲመጣ ዚግዛግ ይሆናል። በጁራሲክና ከእሱ ቀጥሎ ዳይኖሰሮች እስካለቁበት ድረስ በቆየው በክሬቴሸስ ዘመን ደግሞ የቅጠል ጠርዝ ይመስል ይሸራረፋል። በዚህ ላይ የጎኑ ሸንተረር፣ የጀርባው ሹል ጠርዝ፣ የጥቅልሉ ጥብቀት አለ። ዝርያ ከዝርያ መለየት ይቻላል። አልበርት ኦፔል የሚባል ጀርመናዊ በ1850ዎቹ ይህንን ይዞ ጁራሲክን ወደ ቀጫጭን ዞኖች፣ ማለትም እያንዳንዳቸው በራሳቸው አሞናይት ወደሚታወቁ ንብርብሮች ከፋፈለው። ዛሬ ሰሜን ምዕራብ አውሮፓ ውስጥ የጁራሲክ የአሞናይት ዞኖች ከ70 በላይ ናቸው። ጁራሲክ ከ55 ሚሊዮን ዓመት በላይ የቆየ ዘመን ነው። ስለዚህ አንዱ ዞን በአማካይ አንድ ሚሊዮን ዓመት አይሞላም።

እርስዎ መምህር ስለሆኑ የቻርልስ ላፕወርዝን ነገር ሳልነግርዎት አላልፍም። ሰውዬው ደቡብ ስኮትላንድ ውስጥ የትምህርት ቤት መምህር ነበር። እዚያ ግራፕቶላይት የሚባል ቅሪት ያለበት ጥቁር አለት አለ። ግራፕቶላይት በባሕር ላይ ተንሳፍፎ ይኖር የነበረ የጥቃቅን እንስሳት ማኅበር ነው። አለቱ ላይ ሲታይ አንድ ሰው በእርሳስ ጭሮት የሄደ የመጋዝ ጥርስ ይመስላል። የጊዜው ባለሙያዎች ያን አለት እጅግ ወፍራም ነው ብለው ያስቡ ነበር። ላፕወርዝ በእረፍቱ እየሄደ እያንዳንዱን ስስ ንብርብር ብቻውን ፈተሸ። በ1878 ያሳተመው ውጤት አስገራሚ ነበር። አለቱ ወፍራም አይደለም። ቀጭን ሆኖ ደጋግሞ የታጠፈና የተሰባበረ ነው። እንዴት አወቀ? ወደ ላይ ሲወጣ የግራፕቶላይቶቹ ተራ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና ይመጣል። መጽሐፍ እያነበቡ ሳለ ገጽ 40 ላይ ሲደርሱ ገጽ 12 ተመልሶ ቢመጣ ጠራዡ እንደተሳሳተ ያውቃሉ አይደል? እንደዚያ ነው። ከሠራባቸው ቦታዎች አንዱ ዶብስ ሊን ይባላል። ዛሬ ሲሉሪያን የሚባለው ዘመን መነሻ ዓለም አቀፍ መለኪያ፣ ማለትም የሌላው አገር አለት ሁሉ የሚነጻጸርበት የተመረጠ ነጥብ፣ የተተከለው እዚያ ነው።

እንግዲህ ወደ ዓመቱ። ቁጥሩ የሚመጣው ከእሳተ ገሞራ አመድ ነው። እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ ባሕር ላይ ይወርድና እንደ ስስ ሽፋን ይነጠፋል። አመዱ ውስጥ ዚርኮን የሚባሉ ጥቃቅን ጠጣሮች አሉ። ዚርኮን ሲፈጠር ዩራኒየም ይቀበላል፤ እርሳስን ግን አያስገባም ማለት ይቻላል። ዩራኒየም ደግሞ በጊዜ ብዛት ወደ እርሳስ ይለወጣል። ዩራኒየም 238 በግማሽ ለመቀነስ 4.47 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። ስለዚህ የሁለቱን መጠን ለክቶ ሰዓቱን ማንበብ ነው። ይህንን የሚለካው ላቦራቶሪ ዛጎል አያይም። ማየትም አያስፈልገውም።

የምወደው ምሳሌ ቻይና ውስጥ ነው፤ ሜይሻን ይባላል። ፐርሚያን የሚባለው ዘመን አልቆ ትራያሲክ የሚባለው የሚጀምርበት የዓለም መለኪያ እዚያ ነው። በባሕር ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የከፋው እልቂት የተመዘገበበት አለት ነው። ወሳኙ ክፍል ከአንድ ክንድ አይበልጥም። ከታች አመድ የነበረ ስስ ሸክላ አለ፤ 251.94 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ከላይ ሌላ የአመድ ሸክላ አለ፤ 251.88። በሁለቱ መካከል ያለው የኖራ ድንጋይ ውስጥ ሂንዲዮደስ ፓርቩስ የሚባል ጥርስ መሳይ ቅሪት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ ይላል። እሱ ብቅ ያለበት ነጥብ የትራያሲክ መጀመሪያ ተብሎ በ2001 ተወሰነ። ያ ጥርስ ደግሞ በኢራንም፣ በካሽሚርም፣ በጣሊያን አልፕስም ይገኛል። እነዚያ ቦታዎች ላይ እንዲህ የሚመች አመድ ባይኖርም ችግር የለም። ሜይሻን ላይ የተለካውን ቁጥር ጥርሱ ተሸክሞ ይሄዳል። አመዱ ሰዓት ነው፤ ቅሪተ አካሉ ሰዓቱን ወደ ሌላው አገር የሚያደርስ መልእክተኛ ነው። ለልጁ ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው።

እና ሊፈተን ይችላል። አንድ ቀን በተራው ከላይ መሆን ያለበት ዞን ውስጥ ያለ አመድ፣ ከታችኛው ዞን አመድ የሚበልጥ ዕድሜ ቢያሳይ አንዱ ተሳስቷል ማለት ነው። አንዳንዴም ያጋጥማል። የዚያኔ ሁለቱም ወገን ናሙናውን ይዞ ወደ ሥራ ይመለሳል። ክብ የሆነ ክርክር እንዲህ አይነት መጋጨት አያውቅም፤ ሁልጊዜ ከራሱ ጋር ይስማማል።

የጥርሱን ነገር ካነሳሁ ትንሽ ልቆይበት፤ የኔ ሙያ ስለሆነ። ኮኖዶንት ይባላሉ። አብዛኞቹ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞሉም። የኖራ ድንጋዩን ሰባብረን የኮምጣጤ አሲድ ውስጥ እንዘፈዝፈዋለን። ድንጋዩ እየፈላ ይሟሟል። ኮኖዶንቶቹ እንደ እኛ ጥርስ ከካልሲየም ፎስፌት የተሠሩ ስለሆኑ ይተርፋሉ። ዝቃጩን አጥበን ማይክሮስኮፕ ሥር በጥቁር ሳህን ላይ እንበትነዋለን። ከዚያ ጫፉ ጥቂት ፀጉር ብቻ ባለው እርጥብ ብሩሽ አንድ በአንድ መልቀም ነው። ማበጠሪያ የመሰለ አለ፣ ቀንድ የመሰለ አለ፣ ጎድጓዳ ሳህን የመሰለ አለ። ከአንድ ኪሎ ድንጋይ መቶ ሊገኝ ይችላል፤ ባዶም ሊሆን ይችላል። ባዶ የሆነ ቀን የወገብ ሕመም ብቻ ነው ትርፉ። ቀለማቸውም ይናገራል። አለቱ ካልሞቀ ፈዛዛ ቢጫ ናቸው፤ ሙቀቱ ሲጨምር ወደ ቡናማ ከዚያም ወደ ጥቁር ይሄዳሉ። አለቱ ምን ያህል እንደሞቀ ስለሚያሳዩ ነዳጅ ፈላጊዎች ይወዷቸዋል።

የሚገርመው ግን ይህ ነው። ኮኖዶንት ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው በ1856 ነው። እንስሳው ራሱ፣ ለስላሳ አካሉ ታትሞበት ከስኮትላንድ በመጣ አለት ላይ ተገኝቶ የተገለጸው ግን በ1983 ነው። እባብ መሳይ የዓሣ ዘመድ ሆኖ ተገኘ። በመሃል ላይ ሰዎች የማን ጥርስ እንደሆነ ሳያውቁ ብዙ አለት አዛመዱበት። ትክክልም ነበሩ። ተራውን ለማወቅ ባለቤቱን ማወቅ ግድ አይደለም።

አሁን ወደ ወጥመዶቹ። ሙያው እዚህ ላይ ነው፤ ቀሪው ትዕግሥት ነው።

ጀማሪ ሳለሁ የክሬቴሸስ ሸክላ ናሙና አጥቤ ሳይ፣ ውስጡ ዳይኖሰሮች ካለቁ በኋላ የኖረ ፎራሚኒፌራ አገኘሁ። ፎራሚኒፌራ አሸዋ የሚያክል ዛጎል ያለው ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ትልቅ ነገር አገኘሁ ብዬ ስብከነከን ቆየሁ። ንድፈ ሐሳብ ሁሉ አዘጋጀሁ። በሦስተኛው ቀን አንድ አንጋፋ የሥራ ባልደረባ መጥተው በማይክሮስኮፑ አዩና «ወንፊቱ ተነክሯል?» አሉ። አልተነከረም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከእያንዳንዱ ናሙና በኋላ ወንፊቱ ሜቲሊን ብሉ የሚባል ሰማያዊ ቀለም ውስጥ ይነከራል። ቀዳዳው ላይ ተሰክቶ የቀረ ዛጎል ካለ ሰማያዊ ይሆናል። በሚቀጥለው ናሙና ውስጥ ሰማያዊ ካዩ «ይሄ የትናንቱ ነው» ብለው ይተዉታል። እኔ ሰንፌ ዘለልኩት። ታላቁ ግኝቴ ያልታጠበ ወንፊት ነበር።

ተፈጥሮም ያው ስህተት ትሠራለች። ወንዝ ወይም ማዕበል የድሮ አለት ሸርሽሮ ውስጡ የነበረውን ዛጎል አዲስ ደለል ውስጥ ይደባልቀዋል። የተሸረሸረው ዛጎል ብዙ ጊዜ የተላጨ፣ ቀለሙ የተለየ ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ለዚህ ነው አንድ ዛጎል ይዞ የሚፈርድ ሰው የማላምነው።

የነዳጅ ጉድጓድ ሲቆፈር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። መሰርሰሪያው አለቱን ይፈጨዋል፤ ጭቃው ፍርፋሪውን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። ትልልቅ ዛጎሎች ዱቄት ይሆናሉ፤ ጥቃቅኖቹ ናቸው የሚተርፉት። ችግሩ ከጉድጓዱ ግድግዳ ላይ የላይኛው አለት እየተፈረፈረ ከታችኛው ጋር መቀላቀሉ ነው። ስለዚህ አንድ ዝርያ ጥልቅ ቦታ ላይ ቢገኝ ከላይ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ከታች ወደ ላይ ግን አይወድቅም። ለዚህ ሲባል ጉድጓድ ላይ የሚታመነው ዝርያው የጠፋበት ነጥብ ነው፤ ወደ ታች ሲቆፈር መጀመሪያ የሚገኘው እሱ ነውና። ሜዳ ላይ አለት እየተወጣ ሲጠና ዝርያው ብቅ ያለበትን እንመርጣለን፤ ጉድጓድ ላይ የተሰናበተበትን።

«አልተገኘም» ማለትም «አልነበረም» ማለት አይደለም። ሲላካንት የሚባለው ዓሣ ከ66 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ ባለ አለት ውስጥ ስላልታየ ጠፍቷል ተብሎ ነበር። በ1938 ደቡብ አፍሪካ አጠገብ በሕይወቱ በመረብ ወጣ።

ከሁሉ የምወደው ወጥመድ የአካባቢ ልዩነት ነው። ምክንያቱም አንድ ጊዜ ስህተት የመሰለው ነገር ሌላ እውነት አወጣ። ካምብሪያን በሚባለው ጥንታዊ ዘመን የኖሩ ትራይሎባይቶች (ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳት ናቸው) በሰሜን ምዕራብ ስኮትላንድ ያሉት የሰሜን አሜሪካዎቹን ይመስላሉ። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ወርደው ዌልስ ቢሄዱ ግን ሌላ ዓይነት ናቸው። ጎረቤት ለጎረቤት አይመሳሰልም፤ ከውቅያኖስ ማዶ ያለው ይመሳሰላል። በ1966 ቱዞ ዊልሰን የተባለ ካናዳዊ ሳይንቲስት መልሱን አቀረበ። ከዛሬው አትላንቲክ በፊት ሌላ ውቅያኖስ በሁለቱ መካከል ነበር፤ ኋላ ተዘጋ። ኢያፔተስ ብለውታል። ስለዚህ ዛጎሎቹ ተለያዩ ማለት ዘመናቸው ተለያየ ማለት ላይሆን ይችላል። በመካከላቸው የማይሻገሩት ባሕር ነበር ማለትም ይሆናል።

እንግዲህ የመጨረሻው ጥያቄዎ፦ በአንድ ዛጎል ብቻ ነው ወይ? አይደለም። የሚዛመደው ተራው ነው። እዚህ ሀ፣ ለ፣ ሐ ብሎ ከተከታተለ፣ እዚያም ሀ፣ ለ፣ ሐ ካለ፣ አሞናይቱም ፎራሚኒፌራውም ያንኑ ከተናገሩ፣ አለቱ ውስጥ የተመዘገበው የምድር መግነጢስ አቅጣጫ መገለባበጥም በዚያው ልክ ከሆነ፣ የዚያኔ «እኩል ናቸው» እንላለን። ለ ከጠፋ ደግሞ ወይ አልፈለግነውም፣ ወይ የዚያ ዘመን አለት እዚያ ቦታ ተሸርሽሮ ሄዷል።

ለክፍልዎ አንድ ነገር ልጠቁም። ወረቀት ቆራርጠው በእያንዳንዱ ላይ ሦስት ወይም አራት የዛጎል ስዕል ያድርጉ። ከአንዱ ወረቀት ወደ ቀጣዩ አንድ ስዕል ይውጣ፣ አንድ አዲስ ይግባ። አራት ቡድን ያድርጓቸውና ለእያንዳንዱ የተወሰኑትን ብቻ፣ ከታች ወደ ላይ ደርድረው ይስጡ፤ ሁሉም ሙሉውን አይያዝ። የማን ወረቀት ከማን ጋር እኩል እንደሆነ ራሳቸው ያገናኙ። አንዱ ወረቀት ላይ ከድሮ ንብርብር የመጣ አሳሳች ስዕል ጣል ያድርጉበት፤ ማን እንደሚይዘው ይመልከቱ። በመጨረሻ ለአንድ ቡድን ብቻ ሁለት ግራጫ ወረቀት ይስጡ፣ «አመድ፣ 252» እና «አመድ፣ 250» ተብሎ የተጻፈበት። ለዚያ ልጅ ቡድን አይስጡት። ቁጥሩን ከሌላው ቡድን አምጥቶ የራሱ ንብርብር ላይ እንዴት እንደሚያስቀምጠው ራሱ ይፈልገው።